የኢዛ የፊት ጎማ

ጎርፉ የመኪናውን መንገድ ጠራርጎ ከወሰደው ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የብስክሌት ውድድሩ ግን የጎርፍ ወሬ አይሰማም። ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ መመዝገቢያው ቀትር ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ቱዳና ኢዛ ገና ጎህ ሳይቀድ ብስክሌታቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው ዳገቱን ተያያዙት። በአትላስ ተራሮች በቅሎ እንኳ ሦስቴ አርፋ የምትወጣው ዳገት ነው።

አሰልጣኛቸው ዳ ዛይድ ጉልበቱ ስለማይችል በበቅሎ ዙሪያ ጥምጥሙን ሊመጣ ነበር። እስከ መንደሩ መጨረሻ አጥር ሸኛቸውና ጎማቸውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየ።

«ድንጋይ ላይ ጎማ አይለዝብም። አየር የሚቀነሰው እዚያ፣ የውድድሩ መነሻ በር ላይ ነው። ቱዳ፣ ላንቺ ነው የምናገረው!»

«ዳ ዛይድ ደግሞ! ሁሌ እኔ ላይ!»

«ኢዛማ ጆሮ አላት።»

ሁለቱን ልጆች በጋላቢነት ያሳደጋቸው እሱ ነው። ከአሮጌው አውድማ ጀርባ ጭቃ ጠፍጥፎ ጉብታ ሠራላቸው፤ በትናንሾቹ ቢኤምኤክስ ብስክሌቶች መዝለል ያስተማራቸው እዚያ ነው። ሲያድጉ ደግሞ ከየትም ብሎ መንታ የሚመስሉ ሁለት የተራራ ብስክሌቶች አመጣላቸው። የሚለዩት የኢዛ እናት ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ብላ ከፊት ጎማው ሽቦ ላይ በቋጠረችው ቀይ የሱፍ ክር ብቻ ነው። ጋላቢዎቹ ግን መንታ አልነበሩም። ኢዛ ሁሌ በሁለት ሰከንድ ትቀድማለች፤ ቱዳ ሁለተኛ መሆን ከሰለቻት ቆይቷል። ዛሬ ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ብቻ ባሕር ዳርቻ ወዳለው ማሠልጠኛ ትገባለች። ቱዳ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ዓመት በኋላ የወጣቶቹ ምድብ አይቀበላትም። ኢዛ ገና አሥራ አምስት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ነጭ ጠጠር አናታቸውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ቋጥኝ ሥር ተሸጉጠው የራስ ቁራቸውን እንዳጠለቁ የገብስ ቂጣ ተካፈሉ።

«ከቀደምሽኝ አኮርፍሻለሁ» አለች ኢዛ አፏን ሞልታ።

«ከቀደምኩሽማ ዳ ዛይድ በቅሎዋን ይስማታል።»

ተሳሳቁ። ቱዳ ግን የሳቀችው ለይምሰል ነበር።

አናቱ ላይ ያለው መስክ ለወራት ተከልሎ የቆየ ግጦሽ ነው፤ ትናንት ተከፍቶ መንጋው ሁሉ ገብቶበታል። ውሾቹም ለቦታው እንግዳ ስለሆኑ ጥላቸውን ሳይቀር ይናከሳሉ። አራት ነጫጭ ውሾች ከጉም ውስጥ ተወርውረው ወጡ። ቱዳ ብስክሌቷን አውርዳ ተፈናጠጠችና ለመፈትለክ ፔዳሉን መታች፤ አንደኛው ሱሪዋን ነክሶ ጎተታትና ከነብስክሌቷ ዘረራት።

«እንዳትሮጪ! ዝም በይ!»

ኢዛ ብስክሌቷን ከትከሻዋ አውርዳ በቱዳና በጥርሶቹ መካከል ጋረደች። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች። ስትጎነብስ ሦስቱ አፈገፈጉ፤ አራተኛው ክንዷን ቧጨራት። ከዚያ የእረኛው ፉጨት መጣ።

«እናንተ ልጆች! በዚህ በረዶ ብረት ተሸክማችሁ የት ልትቀበሩ ነው?»

«ለመጋለብ ነው፣ አባባ!»

«ታዲያ እሱ እናንተን እየጋለባችሁ አይደል እንዴ!»

ኢዛ እየደማች ሳቀች። ቱዳ በሻሿ ክንዷን አሰረችላት። ወደደቻት፤ ዛሬ ደግሞ በሁለት ሰከንድ ልትቀድመኝ ነው ብላ ጠላቻት። ሁለቱም ስሜት እውነት ነበር።

ከአናቱ ቁልቁል እስከ ከተማው በብስክሌት አንድ ሰዓት፣ በእግር አራት ሰዓት ነው። ቀትር ሊሆን አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። ኢዛ ውኃ ስትቀዳ ቱዳ ከራሷ የፊት ጎማ አየር አስተነፈሰች። የለዘበ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ይጨብጣል፤ አንዴ እንኳ ኢዛን ከኋላዬ ላያት ብላ ነው። የዳ ዛይድን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ወረዱ። ቱዳ ከፊት ሆና ጠመዝማዛውን ቆረጠች፤ ጠጠሩ ከሥሯ ፈነጠረ፤ ገደሉ በግራዋ እየተምዘገዘገ አለፈ። ለአምስት ደቂቃ ያህል በሕይወቷ ጋልባ በማታውቀው ፍጥነት ጋለበች። ከዚያ ጎማው የሾለ ድንጋይ ላይ አረፈ። ቸርኬው እንደ ቂጣ ታጠፈ፤ ቱዳ በእጀታው ላይ ተወርውራ እሾህ መሃል ወደቀች።

አጥንቷ ደህና ነበር። ጎማው ግን የሚጠገን አልሆነም።

ኢዛ ደረሰችና አየችው። «አይዞሽ። ፈጥኜ ወርጄ እንዲጠብቁሽ እነግራቸዋለሁ።»

«አይጠብቁኝም።»

«እለምናቸዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ኢዛ ለመሄድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ያኔ ቱዳ እጇን ዘርግታ የሸሚዟን ጫፍ ጨበጠች።

በእነሱ አገር የሰው ልብስ ጫፍ ጨብጦ «ነውሬን ባንተ ላይ ጥያለሁ» ያለ ሰው የለመነውን አይከለከልም። የከለከለ፣ ነውሩ ከነልጅ ልጁ ይከተለዋል። ይህ ቃል ደም ለሚፈለግበትና ነፍሱ ለተጨነቀችበት ሰው ነው። የቱዳ አያት በሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ያሉት፤ እሱም ልጃቸው በጎርፍ ሲወሰድ ነበር። ቱዳ ዓይኗን በጨው ታጥባ ለጎማ አለችው።

«ነውሬን ባንቺ ላይ ጥያለሁ፣ ኢዛ። የፊት ጎማሽን።»

ኢዛ ፊቷ አመድ መሰለ። «ቱዳ… ይኼን አትበይ።»

«ብያለሁ። አንቺ ሌላ ዓመት አለሽ።»

ኢዛ ከብስክሌቷ ወረደች፣ መፍቻውን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ጎማዋን ፈትታ ራሷ የቱዳ ብስክሌት ላይ ገጠመችው። አጥብቃም ሞከረችው፣ እንዳይላላ። የታጠፈውን አንስታ በትከሻዋ አነገተች።

«ሂጂ፤ እንዳይዘጋብሽ።»

ቱዳ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ከሰዓት በኋላ እንደ እብድ ጋለበች፤ ገደል አልፈራችም፣ ፍሬን አልነካችም። አንደኛ ወጣች። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ድምፅ ይኼ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንደ ሌላ ሰው ስም ሰማችው።

ማምሻውን ኢዛ ብስክሌቷን ተሸክማ፣ እያነከሰች ብቅ አለች። ዳ ዛይድም በዚያው ሰዓት ከበቅሎው ወረደ። የታጠፈውን ጎማ አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው።

«በለዘበ ጎማ! ድንጋይ ላይ! አልነገርኳችሁም? ቱዳ ትሰማኛለች፣ አንቺ ትደነቁሪያለሽ? እኔ አንቺን ነበር የማምነው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በነውር የተለመነ ሰው የሰጠውን አያወራም፤ ኢዛ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ ዳ ዛይድ።»

ቱዳ አፏን ከፈተች። ‹እኔ ነኝ› ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነው። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሲበታተኑ መፍቻ ይዛ ኢዛ ዘንድ ሄደች። «ልፍታልሽ፤ ጎማሽን ውሰጂ።»

«በነውር የወጣ ዕቃ አይመለስም። ክሩን ብቻ ስጪኝ፤ እናቴ ያሰረችው ነው።»

ቱዳ ቋጠሮውን ያዘች፤ ቋጠሮው ግን አልፈታ አላት። ኢዛ ጎንበስ ብላ ራሷ ፈታችውና ኪሷ ከተተችው።

በዚያው ወር ዳ ዛይድ የኢዛን ብስክሌት «ጆሮ ላለው» ብሎ ለሌላ ልጅ ሰጠው። ቱዳ ይህን የሰማችው ባሕር ዳርቻው ማሠልጠኛ ሆና ነው። እዚያ ሦስት ዓመት ተወዳደረች፤ ሁለቴ አሸነፈች። ጓደኞቿ ኩሩ ይሏታል፤ ብትወድቅ አንሱኝ፣ ቢጠማት ውኃ ስጡኝ ብላ ማንንም ስለማትለምን ነው።