«ከማን ጋር ነው የተቀመጥሽው?»

ጥያቄያቸው ግራ ሲያጋባኝ ጋሽ ከፍያለው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ በጠዋት መጠጥ ቤት ታይተሻል» አሉኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ እኔና እንድርያስ ለጋብቻ ምክር ፊታቸው ከተቀመጥን አምስት ደቂቃ አልሞላንም። የሠርጋችን ቀን እንዲቆረጥ የቀረው የእሳቸው ይሁንታ ብቻ ነበር።

«ቁርስ ስበላ ነው የታየሁት» አልኩ።

«ቢራ በተቀመጠበት ጠረጴዛ?»

«አንድ ቢራ። እሱም የቡዜ ነው።»

ቡዜ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ አብራኝ ሌሊት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ፈረቃችን የሚያልቀው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ምድጃው የሚግል ቤት ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያለው የእትዬ ዓለሚቱ ግሮሰሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ፣ ጆሯችን በማሽን ጩኸት እንደ ደነዘዘ፣ ፀጉራችን በጥጥ ብናኝ እንደ ነጣ፣ እዚያ ገብተን ፉል እንበላለን። ለሰው ጠዋት ነው፤ ለእኛ ማታ። ቡዜ ቢራዋን ስታስከፍት፣ «እኔ እኮ እራቴን ነው» ትላለች። የፈረቃ ባልደረባችን መሕሙድ ሻዩን ይዞ ከቢራ ማስታወቂያው ሥር ይቀመጥና፣ «ወላሂ፣ አባቴ በዚህ ቢያልፍ የሚያየው ፉሉን አይደለም» ብሎ በሳቅ ይገድለናል።

ከጎኔ የሚቀመጠው ደግሞ የማሽን መካኒኩ እንድርያስ ነው። መጀመሪያ ወደዚያ ቤት የወሰደኝም እሱ ነው። ያን ቀን፣ ቱርክ ተምሬ መመለሴ ልክ ይሁን ስህተት እየተምታታብኝ፣ ትሪው ላይ አፍጥጬ ነበር። ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ብዪ፤ ከዚያ ትጸጸቻለሽ» አለኝ። የወደድኩት ያኔ ነው።

«ከማን ጋር ነው የተቀመጥሽው?» ጋሽ ከፍያለው ደግመው ጠየቁ።

ከጠረጴዛው ሰዎች የዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጆች እኔና እንድርያስ ነን። ወሬ የወጣባት ግን ሴቷ ብቻ ናት።

ወደ እንድርያስ ዞርኩ። የጫማውን ማሰሪያ ያያል።

«ከቡዜ ጋር» አልኩ። «ከመሕሙድ ጋር...»

የቀረውን ስም እሱ እንዲጨምርበት ጠበቅሁ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። እንድርያስ ቀና አላለም።

«እንግዲህ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመሽ አንዲት ቃል ይቅርታ ብትጠይቂ ይበቃል። የእንድርያስ እናትም በዚህ ተስማምተዋል» አሉ ጋሽ ከፍያለው።

«ለፉል?» አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ።

እንድርያስ የግቢው በር ላይ ደረሰብኝ።

«ሊዲዬ፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ይቅርታ በያቸውና እንገላገል።»

«አንተስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አንተንማ ማን ይጠይቅሃል! ከአንድ ትሪ በልተን፣ ቆሻሻው እኔ ላይ ብቻ ቀረ?»

ትቼው ሄድኩ።

በማግስቱ ወላጆቼ ጋ ደሴ ወጣሁ። አባቴም፣ «ባሕር ማዶ ልከን ያስተማርንሽ ከሽማግሌ ጋር እንድትሟገቺ ነው?» አለኝ። ቁጣዬን እዚያም ማስረዳት አልቻልኩም። ጋሽ ከፍያለው በቦታው አልነበሩም፤ የሰሙትን ነው የተናገሩት። እንድርያስ ግን አብሮኝ ነበረ።

ቅዳሜ ሌሊት ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን። አንዴ የእኔ ክፍል ማሽን ሲቆም መጥቶ ጠገነውና ቀና ሳይል ሄደ። እሑድ ንጋት እትዬ ዓለሚቱ ጋ ገብተን እንድርያስ ወንበሩን ሲስብ፣

«እዚህ አትቀመጥ» አልኩት። «እኔ የምቀመጠው ከቡዜና ከመሕሙድ ጋር ነው። ለጋሽ ከፍያለው የነገርኳቸው እንደዚያ ነው፤ ውሸታም አታድርገኝ።»

«ያ ረቢ!» አለ መሕሙድ ወደ ሻዩ አቀርቅሮ።

እንድርያስ ወንበሩን ለቀቀ። ከዚያ ከጎናችን ያለውን ባዶ ጠረጴዛ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ በረንዳው፣ መንገዱ ዳር ድረስ ተሸከመው።

«አንተ! አቧራ ልትበላ ነው?» ጮኹ እትዬ ዓለሚቱ።

«ፉሌን እዚህ ያምጡልኝ፣ እትዬ።»

ሁለት ወንበር አደረገበትና አንዱ ላይ ተቀመጠ። ለጠዋቱ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚሄዱት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ማለፍ ጀመሩ። አንዳንዱ ሰላም አለው። አንዳንዱ የቢራውን ማስታወቂያ አይቶ ፊቱን አዞረ። ከዚያ እናቱ መጡ።

«እንድርያስ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ተነሣ። ድምፁ ውስጥ ድረስ ይሰማል።

«ቁርስ እየበላሁ ነው፣ እማዬ። ስምንት ወር ሙሉ ከሊዲ ጋር እዚሁ ነው የበላሁት። መጀመሪያ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ዛሬ እሷ ጉባኤ ፊት የምትቆም ከሆነ እኔም እቆማለሁ።»

እናቱ እሱን፣ ከዚያ በበሩ አሻግረው እኔን አዩ።

«ስምንት ወር! ያቆየሁልህን ቁርስ ሁሉ ‹ሌሊት ስሠራ አድሬ እህል አይወርድልኝም› እያልክ ስትመልስብኝ!»

ቡዜ ቢራዋ ትን አላት። እናቱ እንደ ተቆጡ ሄዱ።

ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። እንድርያስ አልጠራኝም፤ ብቻ አየኝ። ወዲያው አልተነሣሁም። ሦስት ቀን አስጠብቆኛል፤ እኔም ሻዬን እስክጨርስ አስጠበቅሁት። ከዚያ ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ከፍያለው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። እንድርያስ እኔ አፌን ሳልከፍት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ! እንብላ!»

እንብላ የተባለ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ጋሽ ከፍያለው መንገዱ መሐል ቆሙ፤ ከማን ጋር እንደ ተቀመጥኩ አሁን በዓይናቸው አዩ።