የአሞስ ቲሎትሰን እጅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም.፣ የአዮዋ በረዶ ቀልጦ ገበሬው ማሳውን ማረስ በጀመረበት ወራት፣ ጡረተኛው የባቡር ቴሌግራፈኛ አሞስ ቲሎትሰን በጓሮው ሁለት የጥድ ግንድ አቁሞ የአንቴና ሽቦ ዘረጋ፤ ሚስቱ ኦርፋም የልብስ ማስጫዋን ቦታ እያጉረመረመች ለቀቀችለት። የሠፈሩ ሰው «ሽማግሌው ከሰማይ ጋር ሊማከር ነው» እያለ ሳቀበት። እርሱ ግን መነጋገር የፈለገው በዋዮሚንግ ካለው ከክላይድ ሃርጊስ ጋር ነበር። ሁለቱ በአንድ የባቡር መስመር በወዲህና በወዲያ ጫፍ ተቀምጠው ሃያ ሁለት ዓመት በአጭርና በረጅም የሞርስ ምት መልእክት ሲቀባበሉ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም፤ ጡረታ ሲወጡ የቴሌግራፉ ሽቦ ለባቡሩ ቀረና እነርሱ በየቤታቸው በዚያው ምት የሚነጋገሩበት የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ተከሉ።

የአሞስ የመጀመሪያ መሣሪያ ብልጭታ የሚተፋ፣ የጎረቤት ውሻ የሚያስጮኽ ነበር፤ ክላይድም ከአሥር ቃል ሦስቱን ቢሰማ ነው። አሞስ የመሣሪያውን የሽቦ ጥቅልል ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ፤ ወደ መሬት የሚገባውን ሽቦ እስከ ጉድጓዱ ውኃ አወረደ፤ በመጨረሻም በብልጭታው ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ የብርጭቆ አምፖል ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከእራት በፊት ክላይድ፣ አሞስ ከአጥሩ ማዶ የተቀመጠ ያህል ይሰማው ጀመር።

ሳይሻሻል የቀረው ክንዱ ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት የቴሌግራፍ መምቻ የደበደበ ቴሌግራፈኛን የሚይዘው ደዌ ይዞት፣ ከክርኑ በታች እንደ እንጨት ይደርቅበት ነበር፤ ስለዚህ ወደ ታች በሚጫኑት አሮጌ መምቻ ፈንታ ወደ ጎን የሚገፉትን አዲሱን አስመጣ። እጁ ዐረፈ፤ ምቱም እንደ ጎረምሳ ፈጠነ።

በተከታዩ እሑድ ክላይድን ቢጠራው ያላሰበው መልስ መጣ።

«አንተ ማነህ? የዚህን ጣቢያ ባለቤት እጅ ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ያንተ አይደለም። የሰው የጥሪ ስም መስረቅ ነውር ነው።»

በዚያ ዘመን የሌላውን የጥሪ ስም፣ ጣቢያው በአየር ላይ የሚታወቅበትን መለያ፣ እየሰረቁ የሚቀልዱ አልጠፉም፤ ለቴሌግራፈኛ ደግሞ የሰው የምት ስልት፣ «እጁ»፣ ከፊቱ ይልቅ የታወቀ ነው። አሞስ አብረው ያሳለፉትን የ1909ኙን የባቡር መገልበጥ ቢያነሣ፣ ክላይድ እሱን ማንም ከጋዜጣ ያነበዋል ብሎ ዘጋበት። ሁለት እሑድ ተጠራ፤ አልመለሰም። አሞስ ወዳጁን በቁሙ ያጣው መሰለው።

ኦርፋ ደብዳቤ እንዲጽፍ መከረችው።

«እጄን ያላመነ ወረቀቴን ያምናል?» አላት።

እርሷም አሮጌውን መምቻ ከመሳቢያ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ክንዴ እምቢ ይለኛል፣ ኦርፊ።»

«ክንድህን ለኔ ተወው፤ አንተ ብቻ ምታ።»

መዳፏን ከክርኑ ሥር አድርጋ ደገፈችው። ጥርሱን ነክሶ የራሱንና የክላይድን ስም መታ፤ የመጨረሻዋን ምት እንደ ልማዱ ጎተት አደረጋት። ከዚያም መልሱ ቀስ ብሎ መጣ።

«አሞስ፣ እጅህን ያምሃል እንዴ?»

አሞስ መምቻውን ለቆ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ኦርፋም ክርኑን አልለቀቀችም። ሁሉን ባስረዳው ጊዜ ክላይድ ይቅርታ ጠየቀና አሮጌውን መምቻ ዳግም እንዳይነካ አዘዘው። «አዲሱን የምት ስልትህን እስክለምደው ያገኘኸውን ምታልኝ» አለው፤ «የዘር መሸጫ ካታሎግም ቢሆን።»

የዚያ ዓመት ታሪክ የሬዲዮ ምታቸው ውቅያኖስ የተሻገረላቸውን ሰዎች መዝግቧል። አንድ የዋዮሚንግ ሽማግሌ፣ ወዳጁ እንዳይታመም ሲል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የዱባና የበቆሎ ዘር ዝርዝር በትዕግሥት እያዳመጠ መክረሙን ግን የጻፈ የለም።