ከዝናቡ በኋላ ያለው ጸጥታ

ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሳሎኑ ውስጥ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። የቤቱ ደንብ ነው። ባለቤቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ናቸው። «እነዚህ ሁሉ ለፍተዋል፤ ስማቸው ሳያልቅ የሚነሳ እግር ሁለተኛ ቤቴን አይርገጥ» ይላሉ። የመጨረሻው ስም ሲጠፋ ደግሞ «እሺ፣ እንዴት አያችሁት?» ብለው ወሬውን የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላማ ማን ሊያስቆመው! እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰቡት ለፊልሙ ሳይሆን ለዚያ ወሬ ነበር ብል አልዋሸሁም።

የዚያን እሑድ ግን አልጠየቁም። እንግዶቹ ጠበቁ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ነርስ ዘወር ብላ እጃቸውን ያዘች፤ ሳትለቀውም ጮኸች።

ከወንበራቸው ጀርባ የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር። አላለቀም፤ መለኪያው ከግማሽ በላይ ያሳያል። አንድ ሰው በእጁ ዘግቶታል ማለት ነው። ሳንባቸው የደከመ ሰው ያለዚያ ሲሊንደር አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይቆዩ ደግሞ በቤቱ ያልሰማ የለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጣች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ስትራመድ የማትሰማ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ከዚያስ» ይሏታል፤ ሰው ተናግሬ ጨረስኩ ብሎ ሲያርፍ እሷ ገና «ከዚያስ?» ስለምትል ነው። ፊልም አትወድም። መብራቱ ሲጠፋ እንቅልፏ ይመጣል።

ነርሷ ደረጃው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አንድ ፖሊስ ከጎኗ ቆሟል። የጣቢያው አዛዥ ቁርጡን ተናግሯል፦ በመጣች ቀን ሲሊንደሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ነገር ካልተገኘ ትታሰራለች። ከታሰረች ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ሙያ አበቃለት፤ በሽተኛውን ገደለች የተባለች ነርስ በነፃ ብትለቀቅ እንኳ ማን ክንዱን ይሰጣታል?

«ስምንት ተኩል ላይ አዲሱን ተክቼ ከፈትኩት» አለች። «ውሃው ሲንተከተክ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ግን ማን ያምነኛል?»

ሲሊንደሩ ላይ አየሩ የሚያልፍበት የውሃ ጠርሙስ አለ፤ ክፍት ከሆነ እንደ ተጣደ ድስት ሲንተከተክ ይውላል።

«እኔ እንጃ» አለች መርማሪዋ በሐቅ። «ፊልሙስ እንዴት ነበር?»

ነርሷ የምታፌዝባት መስሏት ቀና ብላ አየቻት። አላፌዘችም።

«ጥሩ ነበር። እኔ ፊልም ላይ ሐኪም ቤት ሲያሳዩ ነው የምናደደው፤ ልቡ የቆመ ሰውዬ ተነስቶ ይሮጣል። ይሄ ግን የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው። ጎርፍ ልጁን ይወስድበታል፤ የዝናቡ ቦታ ጆሮ ያደነቁራል። ሲነጋ ሽማግሌው ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ የልጁን ሸሚዝ ያጥባል። አምስት ደቂቃ ያህል ምንም ድምፅ የለውም።»

«ከዚያስ?»

«ሆስፒታል አድሬ ነው የመጣሁት፤ ጆሮዬ ውስጥ ማሽን ሲጮህ ነው የሚውለው። እዚያች ቦታ ላይ አረፍኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እዚህ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ጋሼም ወደውት መሰለኝ፣ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን።»

«ማን እያወራ ነበር?»

«ልብስ ሰፊው ይሆናላ። አፉ መቼ ያርፋል?»

መርማሪዋ ሳሎኑን ዞረችው። የሟቹ ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ሲሊንደሩ ከመስኮቱ ሥር ነው። የነርሷ ወንበር በስተግራ፣ ክንድ ቢዘረጋ ሲሊንደሩ የሚደርስበት። የሟቹ እህትና ልብስ ሰፊው የተቀመጡበት ሶፋ ራቅ ይላል፤ የሟቹ ልጅ በርጩማ በሩ አጠገብ ነው። መጋረጃውን ሳበችው፤ ሲዘጋ ክርኗ ሲሊንደሩን ነካ።

እትዬ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው። ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው የወንድማቸውን ሸሚዞች እያጣጠፉ መልሰው ይፈቱ ነበር።

«ያቺ ነርስ ናት፣ ልጄ። አጠገቡ ያለችው እሷ! ምን ትለፊያለሽ?»

«ፊልሙን ወደዱት፣ እትዬ?»

«ሠርግ የሌለበት ፊልም ምኑ ይወደዳል? እኔ ተከታታዩ ድራማ ይሻለኛል። ያቺ ሞኝ ልጅ አሁን ደግሞ የባሏን ወንድም ልታገባ ነው፤ ተናግሬ ነበር።» ከሸሚዙ ላይ የሌለ ክር አነሱ። «ብቻ ዝናቡ ደህና ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ፀሐይ አርፎ አላሳይ ሲለን የወንድሜ ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ተነስቶ መጋረጃውን ዘጋልን።»

«በዝናቡ መሀል?»

«አዎ፣ በዝናቡ መሀል። ሽማግሌው የሞተ ልጁን ሸሚዝ ሲያጥብ ግን አለቀስኩ። ለቅሶዬ እንዳይሰማ መሐረቤን አፌ ውስጥ ከትቼ! ጭጭ ያለ ነበራ፤ የሆዴ ጩኸት እንኳ አሳፈረኝ። ወንድሜም እጁን ሲያነሳ ያ ቀባጣሪ ልብስ ሰፊ ሊጀምር ነው ብዬ በዓይኔ ገረመምኩት።»

ልብስ ሰፊው ሱቁ ከአጥሩ ወዲያ ነው። የመርማሪዋን ጃኬት ትከሻ ላይ አይቶ «ይሄን ማን ሰፋብዎት?» አለና በራሱ አፈረ።

«እርስዎም ፊልሙን ይንገሩኝ» አለችው።

«እኔ ፊልም የማየው በልብሱ ነው። ሰውዬው ከጎርፍ ወጥቶ የሱሪው ተኩስ አልተሰበረም! ይሄን ልናገር አፌን ሲበላኝ ነው ያመሸሁት። ግን ሸሚዝ አስተጣጠቡ...» እጁን በጨርቁ ላይ አሸ። «የኮሌታውን እድፍ በአውራ ጣቱ ነው የሚያሸው። መርፌ ቢወድቅ ትሰሚያለሽ፤ ይቅርታ፣ ይሰማሉ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው እትዬን ዝም አሰኙ።»

«እትዬ ናቸው ያወሩት?»

«ሌላ ማን ይሆናል? ማን ማንን አገባ ሳይሉ ውለው ያውቃሉ?» ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ አልቆየም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እንጂ፣ አራታችን አንድ ሰው መጠበቅ አቃተን።»

መርማሪዋ ከሱቁ ወጥታ ወደ ቤቱ ተመለሰች። የምታውቀው ነገር እየበዛ፣ የምትወደው እያነሰ ሄዷል።

ልጅየው የአባቱ መኝታ ክፍል ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ከሩቅ ላየው ሃምሳ ይሞላዋል። ሲነጋ የሰው ግቢ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀንና ሌሊት የአባቱ ነው። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ገና «ፊልሙ» ከማለቷ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልጅየው ብድግ አለ፤ ከጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ማንኪያውን ሞላ። ባዶው አልጋ ላይ ሊጎነበስ ሲል ቆመ።

«የመድኃኒቱ ሰዓት ነው» አለ።

መርማሪዋ ማንኪያውን ከእጁ ተቀበለችው። ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?

«ፊልሙ ጥሩ ነው» አለ። «ያቺ ዝም የምትለው ቦታ በተለይ። ግን የሲሊንደሩ ውሃ እየተንተከተከ አበላሸብኝ። እሷ እንዳለቀች ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ፤ ደጅ ላይ ከጎረቤት ጋር ቆሜ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«ሲንተከተክ ሰምተሃል?»

«በደንብ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም» አለ ልጅየው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሁሉም እሑድ በተቀመጡበት። የሟቹ ወንበር ባዶውን በመሀል ቀርቷል።

«ሲስተር፣ ሲሊንደሩን ክፈቺው።»

ነርሷ ከፈተችው። ውሃው መንተክተክ ጀመረ። መርማሪዋ ፊልሙን ከዝናቡ ላይ አስነሳችው። ነጎድጓዱ፣ ጎርፉ፣ የሽማግሌው ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ የጠርሙሱ ድምፅ ተዋጠ።

«መጋረጃውን እንደዚያን ዕለት ዝጋው» አለችው ልጅየውን። ተነስቶ ከወንበሩ ኋላ ዞረ፤ ዘጋው፤ ተመለሰ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዓይን ሁሉ ጎርፉ ላይ ነበር።

ከዚያ ነጋ። ሽማግሌው ወንዝ ዳር ተቀመጠ። ሳሎኑ ውስጥ ግን ጸጥታ አልመጣም፤ ጠርሙሱ ይንተከተካል፣ ይንተከተካል።

«ይሄ ድምፅ አልነበረም!» አሉ እትዬ።

«በጭራሽ» አለ ልብስ ሰፊው።

«አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «ሦስታችሁም ሳትመካከሩ ጸጥታውን አመሰገናችሁልኝ። እንግዲህ ሲሊንደሩ የተዘጋው ከዚህ ቦታ በፊት፣ በዝናቡ ጩኸት መሀል ነው። ያኔ እጁ ሊደርስ የሚችል ሁለት ሰው ነበር፤ አጠገባቸው ያለችው ሲስተርና መጋረጃ ሊዘጋ የተነሳው ልጃቸው። ሲስተር ብትሆን ኖሮ ስለ ጸጥታው ለመርማሪ አታወራም ነበር፤ የሰረቀ ሰው ዕቃውን እያሳየ "እንዴት ያምራል" አይልም። ውሃው ሲንተከተክ ሰማሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ድምፁ እዚህ ቦታ ላይ ከነበረ፣ ከዚህ ቀጥሎ የወጣው ሰው ንጹሕ ነው። ድምፁ የሚያስፈልገው ለእሱ ብቻ ነበር።»

ልጅየው አልካደም። የደከመ ሰው ለመካድም አቅም ያንሰዋል።

«ፊልሙን ቀድሞ የሚያየው አባዬ ብቻ ነው» አለ። «ከዝናቡ በኋላ እንዲህ ዓይነት ቦታ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።»

«ምነው ልጄ! ምነው!» እትዬ ደረታቸውን ያዙ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዓት በተከታታይ ተኝቼ አላውቅም፣ አክስቴ። ሰልችቶኝ አይደለም፤ አቅቶኝ ነው። ለሰው ስናገር "ምርቃት ታገኛለህ" ይሉኛል። አንቺም ብለሽኛል። እንቅልፍ ወስዶት ቀስ ብሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ልከፍተውና በሽታው ወሰደው ሊባል ነበር ያሰብኩት። ሲስተር ስትያዝ ልናገር ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።» ነርሷን ለማየት ሞክሮ አልቻለም።

ልብስ ሰፊው በድንገት «ቆይ» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ ታዲያ... ያኔ እጃቸውን ያነሱት...»

መርማሪዋ ይህን ሳትናገር ብትወጣ ደስ ባላት። ግን ጠየቋት።

«ያኔ ማን እያወራ እንደነበር ሦስታችሁንም አዳመጥኩ። አንዱ ሌላውን ጠቆመኝ። እትዬ መሐረብ አፋቸው ውስጥ ነበር። እርስዎ አፌን በላኝ እንጂ ተናገርኩ አላሉኝም። ሲስተር እያረፈች ነበር። ማንም እያወራ አልነበረም።»

እትዬ የወንድማቸውን ባዶ ወንበር አዩ። ዝም በሉ ያሏቸው መስሏቸው ሁሉም፣ እንደ ደንቡ፣ ይበልጥ ዝም ብለውላቸው ነበር።

«እኔ ገብቶኝ ነበር» አለ ልጅየው። «እጁን ሲያነሳ ብሮጥ ኖሮ! ግን ብከፍተው ውሃው ይጮሃል፤ ሁሉም ይሰማል። እንዲህ ሳስብ እጁ ወረደ። ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ወጣሁ።»

ፖሊሱ ገብቶ ክንዱን ያዘው። ፊልሙን የዘጋው ሰው ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ሄዶ የሠሪዎቹ ስም ይወጣ ጀመር። ልጅየው በሩ ላይ ቆመ፤ ፖሊሱም፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አብሮት ቆመ። የመጨረሻው ስም እስኪጠፋ ማንም አልተነቃነቀም። ሲጠፋ «እሺ፣ እንዴት አያችሁት?» የሚል ስላልነበረ ሁለቱ ወጡ።

«ሲስተር፣ ነፃ ነሽ» አለች መርማሪዋ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ምን ነፃነት አለኝ?» አለች ነርሷ። «እነሱስ ፊልም ተመልካች ናቸው። ይሄን ድምፅ መስማት የእኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን ሲጠፋ ደስ አለኝ።»

መርማሪዋ «ከዚያስ?» አላለችም።

ሲሊንደሩ አሁንም ይንተከተካል። ለማንም አይጠቅምም፤ መዘጋት ነበረበት። ነርሷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ልብስ ሰፊው ወለሉን አየ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርማሪዋ ራሷ ሄዳ ቁልፉን ያዘችው፤ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። አንድ በአንድ ወጥተው በሩን ሲስቡት ውሃው ከባዶው ወንበር ኋላ እየተንተከተከ ነበር።