ያልቀላው መብራት

ትርሲት በእንግሊዝኛ ማለም ከጀመረች ዓመት አልፏታል። እናቷ ይህን ለጎረቤት የምታወራው ሌላው ሰው የልጁን ምረቃ በሚያወራበት ድምፅ ነው። «የኔዋ እኮ ስትቃዥም በእንግሊዝኛ ነው» ትላለች። ጎረቤቶቿም «እሰይ፣ ደርሳለቻ!» ይሏታል። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ልጇ በአማርኛ የምትቃዥባት እናት አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጆሮ አስተርጓሚ የምትባለዋ፣ ጆሮ ውስጥ የምትገባ ምስር የምታክል መሣሪያ ሰውን ሁሉ በሁሉም ቋንቋ ማናገር ከቻለች ወዲህ፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አፍ ማመን ትተዋል። አፍማ ማን ያጣል? የሚፈትኑት ውስጠ-ልሳንን ነው፤ ሰው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበትን ድምፅ። ተፈታኙ አክሊል የሚሏትን ቀጭን የብረት ቀለበት ግንባሩ ላይ ያጠልቃል። በእንግሊዝኛ ሲያስብ ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆናል፣ ወደ አፍ መፍቻው ሲንሸራተት ይቀላል። አንዴ የቀላበት ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን ብቅሉ ሥራ ፈቷል።

ትርሲት ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። መጀመሪያ የጣላት ቁጥር ነው። በእንግሊዝኛ አሳምራ እያሰበች ሳለ ሒሳቡ ሲመጣ ሳታውቀው «ስድስት፣ ሰባት» ብላ ቆጠረች። ሁለተኛውን የጣላት እግሯ ነው፤ ደንዝዞባት ስትነሳ «ውይ እግሬ» አለች በልቧ፣ በቃ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ አራተኛ የሚባል ነገር ሕጉ አይፈቅድም። ከባሕር በታች የሚሠሩ ከተሞችን ምህንድስና የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ በሌላው ሁሉ ተቀብሏት የቀራት ይህ ፈተና ብቻ ነው። ዛሬ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አማርኛን እንደ ጉንፋን ሸሸችው። ሠርግ አልሄደችም፣ ለቅሶ አልደረሰችም። የሰፈር ልጆች ሲጠሯት እንዳልሰማች ሆና አለፈች። እናቷም ልታግዛት ብላ የምታውቃትን ያህል እንግሊዝኛ እየሰባበረች ታናግራት ጀመር፤ ቤቱ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ብዙ ወሬ የለም።

የመፈተኛው አዳራሽ የተቆፈረው ከመሬት ሥር፣ የድሬ ሙቀት በማይደርስበት ጥልቀት ነው። ትርሲት በአሳንሰር ወርዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ጽጌ አክሊሉን ሲያስሩላት የእጇን ላብ አይተው «አይዞሽ ልጄ» አሏት። ትርሲት አልመለሰችም። ከአጠገቧ የተቀመጠው ሙክታር የተባለ ቀጭን ልጅም ወደሷ ዘንበል አለና «አቦ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ሰው አይበላም እኮ!» አላት። ፊቷን አዞረችበት። ክፋት አልነበረም፤ በጆሮ የገባ አማርኛ ልብ ውስጥ መልስ ይጠራል ብላ ፈርታ ነው።

ከጣሪያው የመርማሪው ድምፅ ወረደ። መርማሪው ሰው አይደለም፤ አዳራሹን የሚያይ፣ የሚያዳምጥና የሚወስን ማሽን ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቺና እርስዎ ስለማይለይ እያከበረ ይሁን እያዘዘ አይታወቅም። የመጀመሪያው ጥያቄ ያደጉበትን ማድ ቤት በልብ መግለጽ ነበር። ተንኮለኛ ጥያቄ ነው። ትርሲት በልቧ ገባች፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ወንፊቱን፣ የውሃውን በርሜል በእንግሊዝኛ እየጠራች አለፈች። ሌማቱ ጋ ስትደርስ ስሙ ሳይመጣባት የልቧን ዓይን ወደ ማድ ቤቱ መስኮት መለሰች። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ከኋላዋ አንድ ሰው ቀላበትና ሲያለቅስ ሰማችው፤ ዞራ አላየችም።

ቀጥሎ ሙክታር ወደ ፊት ተጠራ። ቸኩሎ ሲነሳ አንድ እግሩ የወንበሩ ብረት ውስጥ ቀረ። ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ፤ ድምፁ አዳራሹ ሙሉ ተሰማ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘረረ፣ ደሙም ከቅንድቡ ላይ ይፈስ ጀመር።

«እኔን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ጽጌ። «እኔን ልጄን!»

አዳራሹ ቀላ። የፊቱም የኋላውም ረድፍ መብራቶች ባንድ ቅጽበት ቀልተው ግድግዳው ሁሉ ደም መሰለ። ከተፈታኞቹ አንዱም አፉን አልከፈተም፤ በልባቸው ግን ሁሉም ያችኑ ቃል ብለዋል።

ትርሲት መጀመሪያ ያየችው ልጁን አይደለም። መብራቷን ነው። አረንጓዴ ነበር። ልጁ ሲወድቅ በልቧ ስትል የነበረው «አልንሸራተት፣ አልንሸራተት» ነበር፣ እሱም በጥሩ እንግሊዝኛ። ደስ አላት። መደበቅ የለበትም፤ ልጁ ደሙ እየፈሰሰ እሷ ደስ አላት።

«ፈተናው ቆሟል» አለ መርማሪው። በሮቹ ተከታትለው ተዘጉ። «ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈታኝ በአንድ ቅጽበት አንድ ቃል ብሏል። ትርጉሙ፦ እኔን። ግሥ የለውም። እኔን ምን? አስቀድሞ የተመከረበት ምልክት ነው የሚል ጥርጣሬ አለ።»

ወይዘሮ ጽጌ ተንበርክከው በነጠላቸው የልጁን ግንባር ይዘው ነበር። «ኧረ ምልክት አይደለም!» አሉ ቀና ብለው፤ የጆሮ አስተርጓሚያቸው ለማሽኑ እየተረጎመች። «ሰው ሲወድቅ የሚባል ነው።»

«ግሡ የት አለ?»

«ግሥ ምን ይሠራለታል? በሱ ፋንታ እኔን ያርገኝ፣ እኔን ይድፋኝ ማለት ነው።»

«ተፈታኞቹ መውደቅ ይፈልጋሉ?»

«አይፈልጉም!»

«የማይፈልጉትን ለምን ይላሉ?»

ወይዘሮ ጽጌ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩትን ቃል ለምን ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ሰው ስለሆኑ ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

«ተመዝግቧል» አለ ማሽኑ። «ሰው በመሆን የሚመጣ፣ ከፈቃድ ውጭ የሆነ ምላሽ። መቅላቱ አይቆጠርም።» በአዳራሹ ሁሉ የታመቀ ትንፋሽ ወጣ። ትርሲትም ተነፈሰች። ማሽኑ ግን አልጨረሰም። «ተፈታኝ አሥራ ሰባት ይህን ምላሽ አላሳየችም። ተከል ተጠርጥሯል።»

አሥራ ሰባት እሷ ናት።

ተከል የሚሉት ራስ ቅል ውስጥ በድብቅ የሚተከል፣ በባለቤቱ ፋንታ በእንግሊዝኛ የሚያስብ መሣሪያ ነው። የተያዘበት ሰው ከፈተና ለዘላለም ይታገዳል፤ ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው እዚያው ተፈልጎ ይወጣል። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከፊቷ የነበረችው ልጅ ወንበሯን ቀስ ብላ ወደፊት ሳበች። ከትርሲት ወንበር ክንዶች ማሰሪያ ወጥቶ ሁለት እጆቿን ጥፍር አድርጎ ያዘ፣ ከጣሪያውም ጫፉ ላይ መርፌ ያለው ረጅም የብረት ክንድ መውረድ ጀመረ።

«ከጆሮ ጀርባ ፍተሻ ይደረጋል» አለ ድምፁ። «ፍተሻው የመናገር ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። የአፍ መፍቻ ምላሽ ከታየ ይቆማል።»

ትርሲት «ሰው ነኝ» አለች በልቧ። አረንጓዴ። «እባካችሁ፣ ምንም አልተተከለብኝም።» አረንጓዴ። ፍርሃቷ ቃል ሲሆን የሚወጣው በዚያው ዓመት ሙሉ በተለማመደችው ቋንቋ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገራችን ሰው። እሷን ያስጨነቃት ደግሞ የፈራችው መቅላት አልደርስ ማለቱ ነው።

«አማርኛሽን አምጪው!» አሉ ወይዘሮ ጽጌ፣ ልጁን እንደያዙ። «እናትሽን አስቢ፣ እናትሽን!»

እናቷን አሰበች። እናቷ መጣች፤ በማድ ቤቱ በር ቆማ ፈገግ አለችና እንደ ሰሞኑ በተሰባበረው እንግሊዝኛ «ደህና አደርሽ?» አለቻት። አረንጓዴ።

«እኔን!» ብላ ጮኸች ትርሲት በአፏ። «እኔን! እኔን!»

«አፍ ቃሉን ብሏል» አለ መርማሪው። «ውስጠ-ልሳን ያለው፦ ቃሉን አሁን በይው፣ ቶሎ በይው። ይህም በእንግሊዝኛ ነው። ፍተሻው ይቀጥላል።»

ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የገባት። እስከዚያ የፈራችው ማሽኑ እንዳይሳሳት ነበር። አሁን ልክ ቢሆንስ አለች። ማንም ያልተከለባት ነገር፣ ራሷ በገዛ እጇ ስትተክለው ከርማ ቢሆንስ? መርፌው ከጆሮዋ ጀርባ አረፈ። ቀዘቀዛት፣ ከዚያ ቆዳዋን በሳው።

ወይኔ!

መብራቷ ቀላ።

ክንዱ ቆመ። «አዲስ ቃል ተገኝቷል» አለ መርማሪው። «ሥሩ፦ እኔ። ከቀደመው ቃል ጋር አንድ ምድብ ነው። ሰው መሆኗ ተረጋግጧል። በጭንቅም በእንግሊዝኛ አስባለችና የቀረው ጥያቄ አያስፈልጋትም። ውጤት፦ አልፋለች።» መርፌው ወጣ፣ ማሰሪያው ተፈታ፣ በሮቹም ተከፈቱ። ሙክታርን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት። ያልተጨረሰ ፈተና ውጤት የለውምና የሚመለሰው ለከርሞ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ አክሊሉን ከግንባሯ ሲያወልቁላት እጃቸው ላይ የልጁ ደም ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፤ ዓይኗን ግን አላዩዋትም።

«እትዬ ጽጌ» አለች ትርሲት። አማርኛው አፏ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ ይከብዳት ነበር። «ሁለቱ ቃል አንድ ነው እንዴ?»

«ማሽኑ አንድ ነው ብሏል አይደል?»

«እርስዎስ?»

ወይዘሮዋ አክሊሉን በጨርቅ ወለወሉት። አንዱ ቃል ስለሌላው ሰው የሚባል፣ ሌላው ስለራስ የሚባል መሆኑን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። «ፈርተሽ ነው ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ በርኅራኄ። «የፈራ ሰው ለራሱ ነው የሚጮኸው፤ ምን ይደረጋል።»

«እነሱም እኮ ፈርተው ነበር» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ጽጌ ትከሻዋን ነካ አድርገዋት ወደ ቀጣዩ ወንበር ሄዱ።

አሳንሰሩ ወደ ላይ አወጣት። የቀትሩ ሙቀት ፊቷን ሲመታት ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲው ደርሶ፣ የመቀበያው መልእክትም ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ዜናው የደረሳት እናቷ ደውላ እልል ስትል ሰማችና ስልኩን አጠፋችው። በሩ ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ሙክታር ግንባሩ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ የሚወስደውን ሰው ይጠብቃል። አንድ ዓይኑ አብጦ ሊዘጋ ደርሷል። ስታልፍ ቀና ብሎ አያት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ወደ አንገቷ የወረደችውንም ቀጭን ደም አየ። የራሱን ቁስል ረስቶ ብድግ አለ።

«እኔን! ምን አረጉሽ?»

ትርሲት ቆመች። ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ አሁን የሚከለክላት የለም። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ውስጧ ያለው ድምፅ ቀደማት፦ አትመልሺ፣ ትንሸራተቻለሽ። ድምፁ የማሽን አልነበረም፤ የራሷ ነው። ልጁ ግራ ገብቶት እጁን ወደሷ እንደዘረጋ ይጠብቃታል።

«ደህና ነኝ» አለችው። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ከእንግሊዝኛ መተርጎም ነበረባት።