ተመርጦ የተከሰከሰ

በዚያ ዓመት ሲሚንቶ ጠፋ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንባታ ቆመ፤ ግንባታ ሲቆም መስኮት የሚያስገጥም ታጣ። መስታወት ቤቱ በአምስት ወር ሰባት መስኮት ሸጠ። ከፋብሪካ አዲስ መስታወት መምጣቱም ቀረ። ከስድስት ሠራተኞች አራቱ ተሰናበቱ። የቀሩት ሁለቱ ያለ ስኳር ሻይ ለመዱ።

ባለሱቁ የሞተው በስድስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

መርማሪው ሲደርስ ሬሳው በስብርባሪ መስታወት ተሸፍኖ በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ የብረት መደርደሪያ ወድቋል። ሁሉም «አደጋ ነው» አሉት።

መርማሪው ይህን ወለል ያውቀዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሱቁ መስታወት ቆራጭ ልጅ እዚሁ የመስታወት ክምር ወድቆበት ሞቷል። ያን ዕለት መርማሪው ለምሳ ቸኩሎ ነበር። ባለሱቁ «በራሱ ጥፋት ነው» ሲለው እንደተባለው ጻፈና ፈረመ። መደርደሪያውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ያች ፊርማ እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። አሁን ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል፤ ሌላ እንደዚያች ያለ ፊርማ ይዞ መውጣት አልፈለገም።

ጎንበስ ብሎ አየ። የሟቹ ፊትና እጅ ከሃያ ቦታ በላይ ተቆርጧል፤ ከአንዱም ደም አልወጣም። ደሙ ማጅራቱ ሥር ብቻ ረግቷል።

የሟቹ ሚስት ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤት ወጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«ሲሰበር።»

«መስታወት ቤት ውስጥ መስታወት ቢሰበር ምን ይገርማል?»

«የሥራው ስብራት ቀጭ ብሎ ነው የሚያበቃው። በመቁረጫ አስምረው ነዋ የሚሰብሩት። ሃያ ዓመት ያን ድምፅ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። የዛሬው ግን መከስከስ ነው።»

«አንዴ?»

አሰበች። «አይ። አንዴ ይከሰከሳል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይከሰከሳል። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ። ተናዶ ነው ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ የማይናደድ ማን አለ?»

ሾፌሩ ግቢ ውስጥ መኪናው ሥር ነበር። ጥይቴ ይሉታል።

«ጥይቴ ያሉኝ እንደ ኤሊ ስለምነዳ ነው፣ ጋሼ። መስታወት ጭኖ ማን ይበራል?»

«መስታወቱ ትናንት የት ነበር?»

«ደህናውም የተበላሸውም ተደባልቆ መደርደሪያው ላይ።»

«አንተ ትለየዋለህ?»

«ለኔ መስታወት ሁሉ መስታወት ነው። ሟቹም፣ እትዬም አይለዩትም። ገዢ ሲመጣ አባባ ናቸው ብርሃን ላይ አይተው የሚያወጡት።»

አባባ የሚሉት ቆራጩን ነው። የመስታወት መለጠፊያ ስቱኮ ልገዛ ወጥቼ ነበር አለ።

መርማሪው ሦስቱንም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ክምር የሚወድቀው አንዴ ነው» አለ። «ይሄ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ተከሰከሰ። እንግዲህ አልወደቀም፤ አደጋ እንዲመስል ሰው ነው እያነሳ የከሰከሰው። ሟቹ ያን ጊዜ ሕይወት አልነበረውም፤ ቁስሉ አልደማም።»

ሦስት ስብርባሪ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገ።

«ይሄኛው ውስጡ አረፋ አለው። ይሄን እርጥበት በልቶታል። ይሄ ተጭሯል። ወለሉን ሙሉ አየሁት፤ አንድ ደህና መስታወት አልተሰበረም። ደህናዎቹ አሥራ አራቱ እዚያ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ትናንት ግን ተደባልቀው ነበር። የለያቸው የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ነው። አርባ ዓመት የቆረጠ እጅ፣ በዚህ ክፉ ዘመን፣ ደህና መስታወት መከስከስ አቃተው።»

ሾፌሩ ቆራጩን ማየት ፈርቶ ጫማውን አየ።

«አልቻልኩም» አለ ቆራጩ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «ሰውየውን ገፋሁት። መስታወቱን ግን አልቻልኩም።»

«ለምን ገፉት?»

«መደርደሪያውን ለብረት ገዢ ሊሸጠው፣ ቀለሙን ፋቅልኝ አለኝ። ስፍቅ የመደርደሪያው እግር ላይ ብየዳ አገኘሁ። ጠየቅኩት። ‹ልጅህ ሳይሞት በፊት የተሰበረ ነው፤ በሽቦ አስሬው ነበር፣ ኋላ አስበየድኩት። ያለፈ ነገር አታንሳ› አለኝ። ገፋሁት፤ ማጅራቱን የጠረጴዛው ጠርዝ አገኘው።»

«እኔንም ልጁ የሞተው በራሱ ጥፋት ነው ብሎኛል» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪው መደርደሪያውን ገልብጦ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ተቀምጦ ሁለት ወረቀት ጻፈ። የመጀመሪያው ስለ ዛሬው ሞት ነው። ሁለተኛውን ድምፁን አውጥቶ አነበበው፦

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ የሞተው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ጥፋት አልነበረበትም። መደርደሪያው ስብራት ነበረው። ባለሱቁ ያውቅ ነበር። እኔ ሳላይ ፈረምኩ።»

«ጋሼ» አለ ጥይቴ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ጡረታዎን አያሳጣዎትም?»

«ሊያሳጣኝ ይችላል። ዕዳዬ ነው።» ወደ ቆራጩ ዞረ። «የጎደለ አለ?»

ቆራጩ ወረቀቱ ላይ፣ ዕድሜው የተጻፈበት ቦታ፣ ጣቱን አሳረፈ።

«ሃያ ሁለት አልሞላውም ነበር» አለ። «ሃያ አንድ ነው።»

መርማሪው ሰረዘ፤ አስተካክሎ ጻፈ፤ ፈረመ።