ስምንት ለውጦች

ትርሲት የጠዋት ሥራዋን የጀመረችው እንደ ወትሮው ነበር፤ እርጥብ ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ አቆመች፣ የማሽኗን ማራገቢያ ድምፅ ጥቂት አዳመጠችና ተቀመጠች። ወሩ ሐምሌ ነው። ቢሯቸው የሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው የሚናገረው በደንብ አይሰማም፤ ምንጣፉም እስከ መስከረም ድረስ እርጥብ ሱፍ ይሸታል።

ከባልደረቦቿ ጋር ስምንት ሆነው የሚሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራም ድርጅቶች ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ እያንዳንዱን ስሪት ይመዘግባል። ባለፈው ወር ግን ተበላሸ። ፕሮግራሙ ለሥራው ከማሽኑ ሚሞሪ ላይ ቦታ ይወስዳል፣ ሲጨርስም መመለስ አለበት፤ አሁን አይመልስም። ማንም የማይፈልገውን ሁሉ እንደያዘ ይቆይና በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማሽኑን ያንቀዋል።

በዚያ ወር ወደ ፕሮግራሙ የገቡት ለውጦች ስምንት ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ። ኃላፊያቸው አቶ ቸርነት ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲነገራቸው አዘዋል፤ ጥፋተኛው እንደሚሰናበትም አልደበቁም። ፍለጋው ለትርሲት ተሰጠ፤ ከማንም ጋር ብዙ ስለማታወራ ይሆናል።

“ዛሬ ደግሞ መርማሪ ሆንሽብን” አለች ከሁሉም ቀድማ የተቀጠረችው ወይንሸት። “ድምፅሽን እንኳ ሳንሰማ ልታሳስሪን ነው።”

“እኔ ከሆንኩ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ” አለ አጠገቧ የሚቀመጠው ሶፎንያስ። “እናቴ ሳትሰማ ሌላ ሥራ ልፈልግ።”

ትርሲት ፈገግ አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ምሳ በልታ እንደሆነ የጠየቃት እሱ ብቻ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ለውጦቹ በገቡበት ቅደም ተከተል ይሰለፉና ፕሮግራሙ መሃል ያለው ለውጥ ሲገባ እንደነበረው ተነሥቶ ይሞከራል። ደህና ከሆነ እስከ እሱ ድረስ ያሉት ሁሉ ነፃ ይወጣሉ፤ ብልሹ ከሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት። ከዚያ የቀሩት እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንድ እስኪቀር ድረስ።

አራተኛውን አስነሳች። ሚሞሪው ከፍ ዝቅ እያለ ረግቶ ቆየ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ “ደህና” ብላ መዘገበች።

ዝናቡ ያባራ መሰላት፤ አላባራም። የቀነሰው ቁልፎችን የሚመቱ ጣቶች ድምፅ ነበር። ቀና ስትል አራት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ በወይንሸት ጠረጴዛ ላይ ስኒም ወረቀትም የለም፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ወፍራም አቧራ ብቻ።

“እነ ወይንሸት የት ሄዱ?”

“የቷ ወይንሸት?” አለ ሶፎንያስ። የምትቀልድ መስሎት ትንሽ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው።

ምሳ ሰዓት ላይ አራት ሆነው ያንኑ ሰፊ ትሪ ከበቡ። ትሪው ሁልጊዜ ለአራት ሰው ይበዛል ብለው ተነጋገሩ። ትርሲት መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሁለመናዋ ደንዝዟል። ቢነክሷትም የምታውቀው ደሙን ስታይ ብቻ ነው። ተመልሳ ስድስተኛውን አስነሳች፣ ሌላ የምታደርገው ነገር አልመጣላትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እሱንም “ደህና” አለችው።

ከመስኮቱ ሥር ይመጣ የነበረው የሁለት ሰዎች ወሬ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆመ።

ያኔ ገባት። ነፃ የወጡት ናቸው የሚሄዱት።

ዝርዝሩን አየች፤ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሰባተኛው የእሷ፣ ስምንተኛው የሶፎንያስ። ፍለጋውን ልታቆመው ሞከረች፣ ስክሪኑ ግን የሰባተኛውን መልስ ብቻ ይጠይቃታል። አስነሳችው። ደመናው ክፍሉን አጨለመው፣ ማራገቢያው ማቃሰት ጀመረ፣ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ሚሞሪው ወጣ፣ ወጣ፣ አልወረደም። ጥፋቱ የእሷ ነበር። እውነቱን ከጻፈች ሶፎንያስ ነፃ ይወጣል።

“ምነው ዝም አልሽ?” አላት ዞር ብሎ። “እኔ ነኝ እንዴ?”

“አይደለህም” አለች ቀስ ብላ። ነፃ ወጥቶ ከሚጠፋ ሥራውን ቢያጣ ይሻላል፤ ሥራ ያጣ ሰው ሌላ ያገኛል ብላ አሰበች። ዓይኗን ጨፍና “ደህና” ብላ ጻፈች።

ስትገልጠው ሶፎንያስ ወንበሩ ላይ ነው። የጆሮው ጫፍ፣ የተተኮሰው ኮሌታው፣ ሁሉም አለ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ላላ። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳው።

“አዎ፣ አቶ ቸርነት፤ አገኘሁት። የራሴው ለውጥ ነው።” ጥቂት አዳመጠ። “ማን ይረዳኛል? ከተቀጠርኩ ጀምሮ ብቻዬን እኮ ነው የምሠራው።”

ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። ክንዱን ያዘችው፤ ትንኝ እንዳረፈበት ሰው እጅጌውን አራገፈ። ኮቱን ለበሰ፣ ማሽኑን አጠፋ፣ መብራቱን አጠፋና በሩን ከውጭ ቆለፈው። እግሩ ደረጃውን ሲወርድ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

ከዚያ በጨለመው ክፍል ውስጥ ስድስት ወንበሮች አንድ ላይ ወደ እሷ ሲዞሩ ሰማች፤ ወይንሸትም፣ ከጠዋት ጀምሮ አፏ በአቧራ እንደተሞላ ሰው፣ “እዚሁ ሆነን ስንጣራሽ አልሰማ አልሽን እኮ” አለቻት።