ያልወጣሁበት ፈረስ

ፈረስ ሰው የማያየውን ያያል ይላሉ። ውሸት ነው። የኛ ዳማ ፈረስ ያን ቀን ምንም አላየም፤ ጆሮውን አላቆመም፣ አላናፋም፣ እንዲያውም መንገድ ዳር ሣር ይነጭ ነበር፣ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሰው ስለ ሙት መንፈስ ማውራት ሲጀምር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ደብተራ ሲያስፈራራኝም ካድሬ ሲያስፈራራኝም እኩል ያዛጋኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ዳባት አስተምር ነበር። አባቴ ሞቷል፣ መሬታችን በአዋጁ ተወስዷል፣ ስለ መሬቱ አላለቅስም፣ የተወሰደው ብዙ ስለነበረን ነው፣ ከአባቴ የቀረን ግን አንድ ዳማ ፈረስ ከነኮርቻው ነበር። ታናሽ እህቴ ደግሞ ማንን አገባች መሰላችሁ? ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ መውጫ ላይ ያለ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ልጅ! ወገኖቹ ገና ሽማግሌ ሲልኩ ጀምሮ «የወደቁ ባላባቶች» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ከሠርጉ ቀጥሎ፣ የሙሽራዋ ወገኖች ወደ ወንዱ ቤት የምንገባበት ቀን ደረሰ። አባት ስለሌለ፣ እኔ በአባቴ ፈረስ፣ በአባቴ ኮርቻ ተቀምጬ እንድገባ ተወሰነ። ፈረስ እየጎተትኩ በእግሬ ከገባሁ አለቀልን፣ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ወንድምሽ ፈረስ ጎታቹ» እየተባለች ትኖራለች። ሳቅ ምን ያደርጋል የምትሉ፣ ሰው ቤት ተድራችሁ ስለማታውቁ ነው።

ደባርቅን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ዳማው አነከሰ። ወርጄ የፊት እግሩን ሳነሳ ሹል ጠጠር ሰኮናው ውስጥ ተሰንቅሯል። በሰንጢ አወጣሁለት፣ ትንሽ ደም መጣ፣ ያን ያህል የሚያስጮህ ቁስል አይደለም፣ ሲረግጥ ግን እግሩን ይሰስታል። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ታከለ ከፊት በበቅሎ ይሄድ ነበርና ተመለሰ።

«ምን ትጠብቃለህ? ውጣበት እንጂ!»

«ያነክሳል አያ ታከለ።»

«ለዚች ጭረት? አንተ ራስህ መምህር ከሆንክ ጀምሮ ታነክሳለህ፣ ማን ከመንገድ አስቀረህ?»

«ዳገቱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከወጣሁበት እግሩ ይበላሻል።»

«አባትህ ቢሆን እግሩ ተሰብሮም ጋልቦ ይገባ ነበር!»

«የተሰበረው የራሱ እግር ነዋ፤ የፈረሱ አይደለም።»

«ለእህትህ አታዝንም? በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁን!»

«አዝናለሁ። ቁስለኛ ላይ ተኮፍሼ ግን ክብር አልለምንም። እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንግዲያው ጎትት! እኔ ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ እንጂ ስትገባ አላይህም» ብሎ በቅሎውን ኮረኮራት፤ የቀሩት ወገኖቻችንም ተከትለውት ሄዱ።

ልጓሙን ይዤ ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከገደሉ በኩል ጉም ወጣና መንገዱን ሸፈነው፣ ለዚያ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። የዳማውን ኮቴ እየሰማሁ ነበር የምሄደው፣ ሦስቱ ጠንካራ፣ አንዱ ለስላሳ። ከዚያ ኮርቻው ሲጢጥ አለ። ባዶ ኮርቻም ይጮኻል አትበሉኝ፣ ፈረስ ቤት ነው ያደግሁት፣ የባዶ ኮርቻ ጩኸትና ሰው የተቀመጠበት ኮርቻ ጩኸት አይምታታብኝም። ዞርኩ። ማንም የለም። እርካቦቹ ግን ወደ ታች አልተንጠለጠሉም፣ እግር እንዳለባቸው ሁሉ ወደ ውጭ ገፋ ብለው ቆመዋል። ቆምኩ፤ ከላይ አንድ ሰው ሲደላደል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ዳማው ሣሩን ይነጫል፣ የሚያውቀው ሰው እንደያዘው ረጋ ብሏል።

«ማነህ?» አልኩ። ከኮርቻው በላይ ለስለስ ያለ የጉሮሮ መጥረግ ድምፅ ብቻ መጣ።

አልሮጥኩም። አንገቴን ቀና አድርጌ ወደፊት ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላም ዞሬ አላየሁም፣ ይህን ስናገር እስካሁን ደረቴ ይነፋል። ለስላሳው ኮቴ እንደ ለስላሳነቱ ነበር፤ የተጫነው ማንም ይሁን ማን፣ አልከበደውም።

ዳሱ በር ስደርስ እልልታው ቀለጠ። ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ተነሣ። ዓይናቸው ግን ከኔ ራስ በላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለና «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ!» አለ። ይህ ሰው እኔን «አንተ» ነበር የሚለኝ፣ ያውም በቁጣ።

አያ ታከለ ከሰው መሀል ወጣ፣ እንደዛተው አቀርቅሮ፣ በፈረሱ ማዶ ሄዶ እርካቡን ያዘ፣ ለሚወርድ ሰው እንደሚያዘው። «ተመስገን፣ ልብ ገዛህ!» አለ። ኮርቻው ወደሱ ዘመም አለ፣ ሲጢጥ ብሎም ተመለሰ። ያኔ ቀና ሲል እኔ በዚህ በኩል ልጓም ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነው።

«አንተ... ከየት መጣህ?»

«ከመንገድ ነዋ። እየጎተትኩ።»

«ታዲያ ያወረድኩት ማንን ነው?»

ማንም አልሳቀም። እስከ ዛሬም እህቴን ያሾፈባት የለም፤ ይልቅስ አማቷ «ወንድሟ ያን ቀን በፈረስ ሲገባ ግርማው!» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ፣ እህቴም «ከጓዳ ሆኜ አየሁህ፣ ጋልበህ ነው የገባኸው» ብላ ትምላለች። የዳማው ሰኮና ዳነ፣ አለመውጣቴ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢሆን አልወጣበትም። የሚያናድደኝ በሠራሁት ሳይሆን ባልሠራሁት መመስገኔ ነው።

ጉም ነው ያሳታቸው ትሉ ይሆናል። ጉም ዓይን ያሳስታል እንበል፤ ኮርቻ ያዘማል? አያ ታከለን አንድ ቀን «ከባድ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ነው የወረደው። ከዚህ ሌላ አትጠይቀኝ» አለ። ሌላ ሳይናገር ሞተ።

እናንተ ግን፣ ያን ቀን ከዳሱ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ኮርቻው ላይ ያያችሁት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ንገሩኝ። አንተ ነህ ብላችሁ አትዋሹኝ።